«ሥጋ በል» የሚባለው የባክቴሪያ ሕመም ከተራ ቁስል የሚለየው በምንድን ነው? እንዴትስ መከላከል ይቻላል?

የእናቱ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ወር በፊት በእህቴ ባል ላይ የደረሰው ነገር እስካሁን ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ብዬ ይህን ጻፍሁ። ሰውየው 42 ዓመቱ ነው፤ ስኳርም ሆነ ሌላ የቆየ ሕመም የለበትም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቅልጥሙን የብረት ጠርዝ ጨረፈው። ጭረቱ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ስለነበር ደሙን ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ። በማግሥቱ ማታ ግን እግሩን መሬት ማስረገጥ አቃተው። ቆዳው ጥቂት ከመቅላቱና አበጥ ከማለቱ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አይታይበትም፤ ሰውየው ግን ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል። በወሰድነው የሕክምና ቦታ «ጡንቻው ተመትቶ ነው» ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለትና ወደ ቤት ተመለስን። ሊነጋጋ ሲል መቃዠት ጀመረ፤ ቅልጥሙም ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ውኃ ቋጥሮ ነበር። በሁለተኛው ሆስፒታል ያየው ሐኪም ጥቂት ነካክቶ ከመረመረው በኋላ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሲል ሰንብቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ፤ እግሩም አልተቆረጠም።

የሕመሙ ስም «ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ» እንደሆነ ያነበብሁት ከሆስፒታል ሲወጣ ከተሰጠው ወረቀት ላይ ነው። በዜና «ሥጋ በል ባክቴሪያ» እየተባለ የሚነገርለት፣ ከጃፓንም «በ48 ሰዓት ይገድላል» ተብሎ የተወራለት ይኸው መሆኑን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የሚያስጨንቀኝ የእናቴ ጉዳይ ነው። 63 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት 15 ዓመት አልፏል፤ እግሯ ላይ የወጣ ቁስልም ቶሎ አይድንላትም።

እንዲህ ያለ ትንሽ ጭረት ሰውን እዚያ ድረስ እንዴት ሊያደርሰው ቻለ? ተራውን ማመርቀዝ ከዚህኛው የምንለየው በምን ምልክት ነው? ቤት ውስጥ ያስታመምነው ሰዎችስ ይዞን ይሆን? ከሁሉም በላይ፣ እናቴን ከዚህ ነገር ለመጠበቅ ምን ላድርግ?


የቀዶ ሕክምና ሐኪም

ወንድሜ፣ እንኳን ሰውየው ተረፈ። በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ የጻፉትን ሳነብ አዲስ አልሆነብኝም፤ ትንሽ ጭረት፣ ከጭረቱ ጋር የማይመጣጠን ሕመም፣ ደህና የሚመስል ቆዳ፣ በመካከል ያመለጠ አንድ ሌሊት። የመጀመሪያውን ሐኪም ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን ራሱን የሚደብቅ ነው፤ አንድ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያጋጥመው ነው።

መጀመሪያ ስሙን ላስተካክል። ባክቴሪያዎቹ ሥጋ አይበሉም፤ የሚያመነጩት መርዝ ነው ሥጋውን የሚገድለው። ከቆዳና ከስብ በታች፣ ከጡንቻ በላይ፣ ፋሺያ የሚባል ስስና ጠንካራ ነጭ ሽፋን አለ፤ ሥጋ ሲበለት ያየ ሰው ጡንቻውን የለበሰውን ያንን ነጭ ገለፈት ያውቀዋል። ወደዚህ ሽፋን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም በብዛት አይደርሱበትም። ባክቴሪያው አንዴ ከገባበት፣ በሁለት ንጣፍ መካከል እንደ ፈሰሰ ውኃ ወደ ጎን ይስፋፋል። መርዙ ሕዋሳትን ከማፍረሱም በላይ በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ቆዳን የሚመግቡት የደም ሥሮች ይህንኑ ሽፋን ሰንጥቀው የሚያልፉ በመሆናቸው፣ እነርሱ ሲደፈኑ ከላይ ያለው ቆዳ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ይህ የሚሆነው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ቆዳው ሲጠቁር በምናይበት ሰዓት ከሥሩ ያለው ጥፋት ከጥቁሩ ወሰን ብዙ አልፎ ሄዷል።

ነርቮችም በዚያው መንገድ ስለሚያልፉ በመጀመሪያ ክፉኛ ይቆጣሉ፤ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠነውም በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ነርቮቹ ራሳቸው ሲሞቱ ሕመሙ ጋብ ይልና ቦታው ይደነዝዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ መሻል ይቆጥረዋል። እኔ ግን ትናንት ሲጮህ ያደረ ሕመምተኛ ዛሬ «ተሽሎኛል» ሲለኝ፣ የልብ ምቱ ደግሞ እንደፈጠነ መሆኑን ሳይ የምፈራውን ያህል በሌላ ጊዜ አልፈራም።

ስለ መለያው ጠይቀዋል። ሴሉላይተስ የምንለው ተራ የቆዳ ማመርቀዝ ቦታውን ያቀላዋል፣ ያሞቀዋል፣ ሲነኩትም ያማል፤ ነገር ግን ሕመሙና እብጠቱ ከቅላቱ ወሰን ብዙም አያልፉም፣ የሚስፋፋው በቀናት ነው፣ ተገቢው መድኃኒት ሲጀመርም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መቆም ይጀምራል። በዚህኛው ሕመም ግን ቅላት ከሌለበት ቦታ ጭምር ሲነካ ያማል፤ እብጠቱ እንደ እንጨት ደረቅ ይላል፤ ለውጡ በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ሰውየውም እግሩን ብቻ ሳይሆን ሁለንተናውን ይታመማል፤ ያተኩሰዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ይበታተናል። ውኃ መቋጠር፣ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር መልክ፣ መደንዘዝ፣ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር እንደ አየር አረፋ የመንጫጫት ስሜት፣ እነዚህ ሁሉ ዘግይተው የሚመጡ ናቸው፤ እነርሱን መጠበቅ አይገባም። የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሮ ሰዓቱን አጠገቡ መጻፍ ለማንም የማይከብድ ነገር ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቅላቱ መስመሩን አልፎ ከተገኘ ለሐኪም የሚቀርብ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። መስመሩ ባለበት መቆሙ ግን ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ቤት ለማስቀመጥ ምክንያት አይሆንም፤ ከላይ እንዳልሁት ቆዳው የሚናገረው ዘግይቶ ነው።

የደም ምርመራ ይረዳል፤ እርግጠኛ መልስ ግን አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2004 የሲንጋፖር ሐኪሞች ከስድስት የደም ውጤቶች ነጥብ እየደመሩ ጥርጣሬን የሚመዝኑበት መለኪያ አውጥተዋል፤ 6 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ጥርጣሬን ከፍ ያደርጋል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ላይም ሕመሙ ስለተገኘ ግን ነጥቡ ስላነሰ ብቻ ሰውን ወደ ቤት መስደድ አይቻልም። ሲቲ ስካን በንጣፎቹ መካከል የገባ አየር ወይም ፈሳሽ ሊያሳይ ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ተከፍቶ ሲታይ ነው። ቆዳው ትንሽ ተሰንጥቆ ሲታይ ሽፋኑ ግራጫ ሆኖ፣ ደም በመድማት ፈንታ የዕቃ እጣቢ የመሰለ ፈሳሽ ወጥቶ፣ ጣት ያለ ምንም ተቃውሞ በንጣፎቹ መካከል ከገባ ጥርጣሬው አልቋል። የሞተው ሁሉ በዚያው ተቆርጦ መውጣት አለበት። ደም በማይደርስበት ሥጋ ውስጥ መድኃኒትም አይደርስምና አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም። ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ተከፍቶ ይታያል፤ የእህትዎ ባል አራት ጊዜ ኦፕራሲዮን መደረጉም የስሕተት ምልክት ሳይሆን ሕክምናው ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው። ሆስፒታል በገቡ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኙ ሰዎች ከዘገዩት ይልቅ በግልጽ የተሻለ የመዳን ዕድል አላቸው።


ጥንቁቁ

እኔ በበኩሌ ቤት ውስጥ አሞክሳሲሊን አይጠፋኝም። ጭረት በደረሰብኝ ቁጥር ለሦስት ቀን እወስዳለሁ፤ ቁስሉንም ጠዋትና ማታ በአልኮልና በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አጥባለሁ። ይህን ማድረግ ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እስካሁን አንድም ቁስል አላመረቀዘብኝም። ለእናትዎም ይህንኑ እመክራለሁ።


የላብራቶሪ ሰው

ጥንቁቁ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ቁስልዎ ያላመረቀዘው መድኃኒቱን ስለወሰዱ አይመስለኝም፤ ይህን ሳያደርግ የሚኖረው አብዛኛው ሰውም ቁስሉ አያመረቅዝበትም። ነገሩ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማሳየት፣ ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ ምክንያት በየዓመቱ በዚህ ሕመም የሚያዙት ከ700 እስከ 1,150 እንደሚሆኑ ይገመታል። ለእያንዳንዱ ጭረት አንቲባዮቲክ መዋጥ የሚያስከትለው ተቅማጥ፣ አለርጂና የመድኃኒት መለማመድ ግን ብርቅ አይደለም። ከዚያም የሚከፋው፣ በእውነት የታመመ ሰው «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ብሎ ቤቱ ተኝቶ መጠበቁ ነው።

በላብራቶሪ በኩል የማውቀውን ልጨምር፤ ይህን ሕመም የሚያመጣው አንድ ተሕዋስ ብቻ አይደለም። በቁጥር የሚበዛው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች፣ ኦክስጅን የሚፈልጉትም የማይፈልጉትም፣ ተባብረው የሚያመጡት ነው፤ ይህ ስኳር ባለባቸው፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ባደረጉና በመቀመጫና በብልት አካባቢ ቁስል ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። ሁለተኛው አንድ ተሕዋስ ብቻውን የሚያመጣው ነው፤ በአብዛኛው ያው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ሲሆን አንዳንዴም ስታፊሎኮከስ ነው። የእህትዎ ባል ጤነኛና ጎልማሳ ሆኖ በእግሩ ላይ በአንድ ቀን የደረሰበት በመሆኑ ይህኛውን ይመስላል፤ የናሙናውን ውጤት ከሆስፒታሉ መጠየቅ ይችላሉ። ሦስተኛው ከሞቃት የባሕር ውኃ የሚመጣው ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ነው፤ በክፍት ቁስል ባሕር መግባት፣ ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ጥሬውን መብላት በተለይ ጉበታቸውን ለሚታመሙ ሰዎች አደገኛ የሚሆነው በእርሱ ምክንያት ነው።

ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን ያልተላመደ ተሕዋስ ነው፤ ታዲያ ፔኒሲሊን ብቻውን ለምን አይበቃም የሚለው ጥያቄ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ሃሪ ኢግል የተባለ ተመራማሪ በ1952 በአይጦች ላይ እንዳሳየው ባክቴሪያው እጅግ ሲበዛ መራባቱን ያዘገያል፤ ፔኒሲሊን ደግሞ የሚገድለው በመራባት ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ክሊንዳማይሲን ይጨምራሉ፤ እርሱ ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ስለሚከለክል የመርዙ ፋብሪካ ይዘጋል። ተሕዋሱ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመቱ ሌሎች መድኃኒቶች አብረው በደም ሥር ይሰጣሉ። ከዚህ አንጻር በቤት የተቀመጠ አሞክሳሲሊን ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ይታያል።

ወደ ጃፓኑ ዜና ስንመጣ፣ እዚያ የተቆጠረው ስትሬፕቶኮካል ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም የሚባለው ነው፤ በ2023 ዓመቱን ሙሉ 941 ሰዎች ሲያዙ፣ በ2024 ገና እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ 977 ደረሱ። ይህ መርዙ በደም ተሰራጭቶ የደም ግፊትን የሚጥልበትና ኩላሊትን፣ ጉበትንና ሳንባን የሚያደክምበት ሁኔታ ነው። ከሥጋ መሞት ጋር አብሮ ሊመጣም ብቻውን ሊከሰትም ይችላል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው። በነገራችን ላይ ሕመሙ የዘመናችን አይደለም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሐኪም የነበረው ጆሴፍ ጆንስ በ1871 ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ቁስለኞች ላይ ያየውን ጽፏል፤ ሜሌኒ የተባለ ሐኪም በ1924 በቤጂንግ ያያቸውን ሕሙማን ከስትሬፕቶኮከስ ጋር አያይዟል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ስም የወጣው ደግሞ በ1952 ነው። ጤነኞችንም አይምርም፤ የካናዳው ፖለቲከኛ ሉሲየን ቡሻር በ1994 አንድ እግሩን፣ በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ኤሪክ ኮርኔል በ2004 ግራ እጁን ከነትከሻው በዚሁ ሕመም አጥተዋል። ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ይተላለፋል ወይ ላሉት፣ ባክቴሪያው ይተላለፋል፤ ሕመሙ ግን እምብዛም አይተላለፍም። ያው ተሕዋስ በብዙ ሰው ጉሮሮና ቆዳ ላይ ምንም ሳያደርግ ይቀመጣል፤ ቢበዛ የጉሮሮ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሁሉ የመከላከያ መድኃኒት አይታደልም፤ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ለአራስ እናትና ሕፃን ወይም መከላከያ አቅማቸው ለደከመ የቅርብ ሰዎች ሐኪም ሊያስብበት ይችላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የቅርብ ሰዎች ለ30 ቀን ራሳቸውን በንቃት እንዲከታተሉ ይመክራል፤ እናንተ ሦስት ወር ስላለፋችሁ ከዚያ ጊዜ ወጥታችኋል።


ቁስል አጣቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፤ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው የስኳር ሕሙማንን እግር በማጠብና በማሰር ነው። ሐኪሙ ስለ ቢላዋው ተናግሯል፤ እኔ ቢላዋ እንዳያስፈልግ ስለሚደረገው ልናገር።

ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስን የሚከላከል ክትባት እስካሁን የለም። ስለዚህ ያለን መከላከያ ቆዳ ነው፤ ቆዳ በተቀደደበት ጊዜ ደግሞ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ። ጭረት እንደ ደረሰ እጅን መታጠብ፣ ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ደኅና አድርጎ ማጠብ፣ ዙሪያውን በሳሙና ማጽዳት፣ አሸዋ ወይም ስንጥር ካለ ማውጣት፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ በንጹሕና በደረቅ ፋሻ መሸፈን፣ ፋሻው ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ መለወጥ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጥንቁቁ የጠቀሱት አልኮልና ፐርኦክሳይድ ተሕዋስን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን ሊሞላ የሚወጣውን አዲስ ሥጋም ይጎዳሉ፤ በተለይ ጠዋትና ማታ ሲደጋገሙ ቁስሉ ይዘገያል። ጥልቅ ቁስል፣ ሚስማር ወይም እሾህ የወጋው፣ ሰው ወይም እንስሳ የነከሰው ቁስል ግን ቤት ውስጥ ታጥቦ የሚተው አይደለም፤ ሐኪም ያየው፤ የቲታነስ ክትባቱም ጊዜው ያላለፈ መሆኑ ይጣራ። ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ወደ መዋኛ ገንዳ፣ ወንዝ፣ ሐይቅም ሆነ ባሕር መግባት አይገባም።

በሥራዬ ሁልጊዜ የማየውና ሰው የሚንቀው አንድ ነገር አለ፤ በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው ፈንገስ። ቆዳውን አለስልሶ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ስለማይደማ ቁስል ነው ብሎ የሚያስብ የለም፤ ለባክቴሪያ ግን ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነው። የጉድፍ (የቺክንፖክስ) ሽፍታም ለልጆች እንዲሁ ነው፤ ልጅ ቺክንፖክስ ይዞት ሽፍታዎቹ መድረቅ ሲገባቸው ትኩሳቱ ካገረሸበትና አንዱ ቦታ ቀልቶ ክፉኛ ካመመው ቶሎ መታየት አለበት። የቺክንፖክስ ክትባት ባለበት ማስከተብ በዚህም በኩል ይጠቅማል።

ለእናትዎ የምለው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን ጠንከር ይላል። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከላይ ሐኪሙ የነገረንን ዋናውን ምልክት፣ ከመጠን ያለፈ ሕመምን፣ እናትዎ ላይሰሙት ይችላሉ። በሕመም ፈንታ ዓይን መሥራት አለበት። በየምሽቱ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ የውኃውን ሙቀት በእግራቸው ሳይሆን በክርን ለክተው፣ በጣቶች መካከል በደንብ አድርቀው፣ ውስጥ እግራቸውን በመስታወት ይዩ፤ ዓይናቸው ከደከመ እርስዎ ይዩላቸው። እግር መዘፍዘፍ አያስፈልግም፤ ቆዳን ያለሰልሳል። ቅባት ተረከዝ ላይ መልካም ነው፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ፤ ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት ውስጡን በእጃቸው ይዳብሱ። የደም ስኳራቸው በልክ መያዙ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ስኳሩ በደም ውስጥ ሲበዛ ባክቴሪያን የሚውጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰንፋሉ። አዲስ መቅላት፣ እብጠት፣ መጥፎ ሽታ፣ ፈሳሽ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የስኳር መጨመር ከታየ፣ ባያማቸውም በዚያው ቀን ይወሰዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለስኳር ሕመምተኛ እግር የተነገረ ይመስለኛል።


የእናቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያህል እንዳገኝ አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የእህቴ ባል ያን ሌሊት አይቡፕሮፌን ነበር ሲወስድ ያደረው፤ ሕመሙን ያባባሰው እርሱ ይሆን? ሁለተኛ፣ ለእናቴ በቅርቡ ዳፓግሊፍሎዚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ተጀምሮላታል። በመመሪያ ወረቀቱ ላይ በብልት አካባቢ ስለሚከሰት ተመሳሳይ ሕመም ተጽፎ አይቼ ደነገጥሁ። ላስቁማት?


የቀዶ ሕክምና ሐኪም

በራስዎ አያስቁሙ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2018 ያወጣው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፤ ፉርኒየ ጋንግሪን ይባላል፤ በ1883 በጻፈበት ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የተሰየመ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ የሚነሣ የዚሁ ሕመም ዓይነት ነው። ማስጠንቀቂያው በወጣበት ጊዜ የተቆጠሩት ከ2013 እስከ 2018 ባሉት አምስት ዓመታት የተመዘገቡ 12 ሰዎች ሲሆኑ፣ የዚህን ዓይነት መድኃኒቶች የሚወስደው ሕዝብ ግን እጅግ ብዙ ነበር። መድኃኒቱ ለልብና ለኩላሊት የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ከፍ ያለ ስኳርም ራሱ ለዚህ ሕመም ያጋልጣል። ይልቅ ለእናትዎ በግልጽ ይንገሯቸው፤ በዚያ አካባቢ ሕመም፣ እብጠት ወይም መቅላት ከትኩሳት ወይም ከድካም ጋር ከመጣ ዕፍረት ይዟቸው እንዳይደብቁ። በዚህ ቦታ የሚነሣው ሕመም ዘግይቶ የሚደርሰን ሰው መናገር ስለሚያፍር ነው፤ ለእናት ደግሞ ለወንድ ልጅ መንገር ይከብዳልና እህትዎ ብታነጋግራቸው ይሻላል።

ስለ አይቡፕሮፌን፣ ከዚህ ሕመም ጋር አብሮ መታየቱ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ምክንያቱ ግን እስካሁን ያከራክራል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያባብሳል ከማለት ይልቅ ትኩሳቱንና ሕመሙን አብርዶ ሰውየው እንዲዘናጋ ያደርጋል የሚለው ለእኔ ይበልጥ ይታመነኛል። ቺክንፖክስ ለያዘው ልጅ ግን አይቡፕሮፌን አይሰጥም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል።


ከሞት የተረፈ

እኔም ከስድስት ዓመት በፊት በክንዴ ላይ ደርሶብኛል፤ ቁስል እንኳ አልነበረኝም፤ ዕቃ ሳነሣ የተቀጨሁ መስሎኝ ነበር። ለዚህም ነው መልሱን ላነብ ገብቼ ሳልጽፍ መውጣት ያልሆነልኝ። ሐኪሙ እንዳሉት ሕክምና ቢገኝም ሁሉም አይተርፍም፤ ስትሬፕቶኮከስ ካመጣው ከአምስት ሰው እስከ አንድ እንደሚሞት በኋላ ተነግሮኛል።

ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ምን ማለት እንዳለበት ከልምዴ ልናገር። «ክንዴን አሞኛል» ብዬ ስናገር ሦስት ሰዓት ወረፋ ጠበቅሁ። ሚስቴ መጥታ «ይህ ሰው በሕይወቱ እንዲህ አሞት አያውቅም፤ ማስታገሻ ወስዶ አልቆመለትም፤ ጠዋት እብጠቱ አንጓው ላይ ነበር፣ አሁን ክርኑን አልፏል፤ መልሱም እየተምታታ ነው» ስትል ወዲያው አስገቡኝ። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ ልዩነቱ ሰዓቱን፣ ወሰኑንና ለውጡን መናገሯ ላይ ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንዲያየኝ በስሙ ጠርታ የጠየቀችውም እርሷ ናት፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ለእህትዎ ባል ደግሞ፣ ከጭኑ ተወስዶ የተተከለለት ቆዳ ካለ፣ ያ ቆዳ ወዝ ስለሌለው ይደርቃል፤ ዘወትር ቅባት ይፈልጋል፣ ከፀሐይም መሸፈን አለበት። መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ የሚሰጠው የፊዚዮቴራፒ ሥራ ያማል፤ ቢሆንም አያቋርጠው። እንቅልፍ ማጣትና በየጭረቱ መደንገጥ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም ነበር፤ እርሱም እንዲህ ካለው «ምነው፣ ዳንህ እኮ!» አትበሉት።


የእናቱ ልጅ (ጠያቂ)

ዛሬ ማታ የእናቴን እግር አየሁ። በቀኝ እግሯ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጣቶች መካከል ቆዳው ነጣ ብሎ፣ ረጥቦ፣ ተሰንጥቋል። አላማትም፤ መኖሩንም አታውቅም። ትኩሳት የለባትም፣ አካባቢው አልቀላም፣ አላበጠም።


ቁስል አጣቢዋ

መልካም አዩ። የገለጹት ፈንገስ ይመስላል፤ ነገ ጠዋት ለሐኪማቸው ወይም ለስኳር ክትትል ክፍሉ ያሳዩ፤ የሚቀባ የፈንገስ መድኃኒት ያዙላቸዋል፤ ስንጥቁ ቢዘጋም የታዘዘውን ቀን ሁሉ ይጨርሱ። ዛሬ ማታ አጥበው፣ በሚገባ አድርቀው፣ በሁለቱ ጣቶች መካከል አንድ ቁራጭ ደረቅ ጎዝ ያለ ማጥበቅ አስገብተው፣ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ያልብሷቸው። ቆዳውን አይላጡት፤ ሎሚም ሆነ አልኮል አይንካው። ሌሊት ወይም ነገ የእግሩ ጀርባ ከቀላ ወሰኑን በእስክሪብቶ አስምረው ሰዓቱን ይጻፉና ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋቸው ይሂዱ። የግራውንም እግር አይተዋል?